ሻፐሮኑን መቶ እጥፍ ብትጨምሪም ለምን ፍንክች አላለም?

ጥያቄው፦ «ሀዋሳ ነው የምኖረው። በተግባራዊ ሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየጨረስኩ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ የባክቴሪያ ሻፐሮኖች ፕሮቲን ተበላሽቶ እንዳይታጠፍ እንዴት እንደሚከላከሉ በዲፈረንሻል እኩልታ ማሳየት ነው። ፕሮቲን ያለማቋረጥ ይመረታል፣ ሻፐሮኑ ያልታጠፈውን ይይዛል፣ መልሶ ይለቃል ብዬ ሠራሁት። ከዚያ የሻፐሮኑን ብዛት 10 እጥፍ፣ ቀጥሎ 100 እጥፍ ጨመርኩ። በትክክል የሚታጠፈው ግን 20 በመቶ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ኮዴ ነው የተሳሳተው? ቤተ ሙከራ ሳይኖረኝስ ቁጥሮቹን ከየት ላምጣ? ሁሉንም የሻፐሮን ዓይነቶች ማስገባትስ አለብኝ?»

እህቴ፣ ኮድሽ ጤነኛ ይመስለኛል። ሒሳቡ እውነቱን ነግሮሻል፤ አንቺ ነሽ ያላመንሽው። የሻፐሮን ሥራ መያዝና መልቀቅ ብቻ ከሆነ፣ ቁጥሩን ሚሊዮን እጥፍ ብታደርጊውም ያ 20 በመቶ አይነቃነቅም። ለምን እንደሆነ በደንብ እንየው። ይህ ከገባሽ የቀረው ዕዳው ገብስ ነው።

መጀመሪያ ለሌላው አንባቢ ጥቂት ልበል። ፕሮቲን ሲሠራ እንደ ክር ሆኖ ነው የሚወጣው። ኢ ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ ራይቦዞም የተባለው የፕሮቲን ማምረቻ በሰከንድ ከ15 እስከ 20 አሚኖ አሲድ እየቀጠለ ክሩን ያስረዝመዋል። ክሩ ሥራ የሚሠራው ግን በትክክል ሲታጠፍ ነው። ክርስቲያን አንፊንሰን ራይቦኑክሊዬዝ የተባለውን ባለ 124 አሚኖ አሲድ ኤንዛይም በኬሚካል ፈታታው። ኬሚካሉን ሲያስወግደው ፕሮቲኑ ማንም ሳይረዳው ተመልሶ ታጠፈ፣ ሥራውንም ጀመረ። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1972 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ታዲያ ራሱ የሚታጠፍ ከሆነ ረዳት ምን ያደርግለታል? አንፊንሰን የሠራው በሙከራ ቱቦ ውስጥ ነው። ሰፊ ቦታ፣ ሳሳ ያለ ፕሮቲን። ሴል ውስጥ ግን በሊትር ቢሰፈር 300 ግራም ገደማ የሚሆን ትላልቅ ሞለኪውል ተጠቅጥቋል። የፊቼ ጫምባላላ ዕለት ጉዱማሌ በተሰበሰበው ሕዝብ መሀል ቆመሽ ነጠላሽን ለማጣፋት ሞክሪ። ቤትሽ ቢሆን አንድ ደቂቃ አይፈጅብሽም። እዚያ ግን ገና ሳታጣፊው ጥለቱ ከጎንሽ ካለችው ሴትዮ ነጠላ ጋር ይጠላለፋል። ፕሮቲንም እንዲሁ ነው። ውኃ የሚሸሹት ክፍሎቹ ከታጠፈ በኋላ ወደ ውስጥ ይደበቃሉ። ከመታጠፉ በፊት ግን ውጪ ላይ ናቸው። የሌላውን ፕሮቲን ተመሳሳይ ክፍል ሲያገኙ ይጣበቃሉ፣ ይጓጉላሉ። አሬራ ስታሞቂ አይቡ የሚለየው በዚህ ዓይነት መጓጎል ነው። ለአይብ ደግ ነገር ነው፤ ለባክቴሪያ ግን ሞት ነው።

ሻፐሮን ይህን መጓጎል የሚከላከል ፕሮቲን ነው። ቃሉ የፈረንጅ ነው፤ ሚዜ ብንለው አይከፋም። ሚዜ ሙሽራውን ያጅባል፣ አጉል ነገር እንዳይጠጋው ይጠብቃል፣ ትዳሩ ውስጥ ግን አይገባም። ሻፐሮንም የመጨረሻው ፕሮቲን አካል አይሆንም።

አሁን ወደ እኩልታው። ያልታጠፈውን ልቅ ፕሮቲን ክምችት «ል» እንበለው። ምርቱን «ም»፣ የመታጠፍ ፍጥነቱን «ታ»፣ የመጓጎል ፍጥነቱን «ጓ»። ሻፐሮን ከሌለ እንዲህ ነው፦

የል ለውጥ በሰከንድ = ም − ታ×ል − ጓ×ል²

ዓይንሽ ል² ላይ ይረፍ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ለመታጠፍ አንድ ክር ብቻውን ይበቃል፤ ለመጓጎል ግን ሁለት መገናኘት አለባቸው። ስለዚህ ል እጥፍ ሲሆን መታጠፉ እጥፍ ይሆናል፣ መጓጎሉ ግን አራት እጥፍ። ገንፎ ያገነፋ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዱቄቱን በአንዴ ከሞጀርሽበት ይጓጉላል። በእፍኝ በእፍኝ እየበተንሽ ካማሰልሽ ልስልስ ይላል። ዱቄቱ ያው ነው፣ ውኃውም ያው ነው። የባዮኬሚስትሪ ሰዎችም የተፈታ ፕሮቲን ሲያሳጥፉ በትልቅ ፈሳሽ ውስጥ ጠብ ጠብ እያደረጉ ነው የሚጨምሩት። (ሁለት ክር በአንድ ጊዜ ስለሚጠፋ 2 የሚል ብዜት መኖር አለበት የሚል ካለ ልክ ነው፤ ጓ ውስጥ ጨምሬዋለሁ።)

ሥርዓቱ ሲረጋጋ ለውጡ ዜሮ ይሆናል። ል በሁለተኛ ደረጃ እኩልታ ይወጣል። በትክክል የሚታጠፈው ድርሻ በአንዲት ቁጥር ብቻ ይወሰናል። እሷም ጓ×ም÷ታ² ናት። «ጥ» እንበላት። ድርሻው እንዲህ ነው፦

(√(1 + 4×ጥ) − 1) ÷ (2×ጥ)

ጥ 2 ከሆነ ግማሹ ይታጠፋል። ጥ 6 ከሆነ ሲሶው። ጥ 20 ከሆነ √81 ማለት 9 ነው፤ 8 ለ40 ሲካፈል 20 በመቶ። ስለዚህ አንቺ ያስገባሻቸው ቁጥሮች ምን እንደሆኑ ባላይም፣ የአንቺ ጥ 20 መሆኗን ከዚህ ሆኜ መናገር እችላለሁ። ጥ 1 ስትሆን ደግሞ 61.8 በመቶ ይወጣል። ወርቃማው ውድር ነው። ባዮሎጂያዊ ትርጉም የለውም፤ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው የጠቀስኩት።

አሁን ሻፐሮን ጨምሪ። ልቁን ይይዛል፣ ይለቃል። የልቁ እኩልታ ላይ «ሲያዝ የሚቀነስ» እና «ሲለቀቅ የሚደመር» ይገባል። የተያዘው እኩልታ ላይ ደግሞ እነዚያው ሁለቱ በተገላቢጦሽ ምልክት። ሥርዓቱ ሲረጋጋ የተያዘው ለውጥ ዜሮ መሆን አለበት። ማለትም የሚያዘው ከሚለቀቀው ጋር እኩል ነው። ያን ወስደሽ ልቁ እኩልታ ላይ ስታስገቢው ሁለቱም ተጣፍተው ይሄዳሉ። የቀረሽ ያው የመጀመሪያው እኩልታ ነው። ሻፐሮኑ የት ገባ? ሞላ። አለቀ። ጨዋታው ይኸው ነው።

አቶቴ ላይ ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው አስቢ። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ተማሪው ሁሉ ወጥቷል። ሰዉ ፀሐይ መታው ተብሎ ትልቅ መጠለያ ተሠራ። መጠለያው 10 ሰው ይይዝ ከነበረ አሁን 1000 ይይዛል። ፒያሳ የሚደርሰው ሰው በዚህ ይጨምራል? አይጨምርም። መጠለያው እስኪሞላ ግፊያው ጋብ ይላል። ከሞላ በኋላ ግን ወጪና ገቢው እኩል ስለሚሆን መንገዱ ላይ ያው ግፊያ ነው። መጠለያ ሰው አያደርስም። የሚያደርሰው ባጃጅ ነው። አንቺ የሠራሽው ሻፐሮን መጠለያ ነው።

ግን መጠለያ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ድንገት ዶፍ ቢወርድስ? ለ20 ደቂቃ ከሆነ መጠለያው ያድናል። የሞዴልሽን ም ዜሮ አድርጊና በአንድ ጊዜ የፈሰሰ ልቅ ፕሮቲን ብቻ ስጪው። ባክቴሪያው ድንገት ሲሞቅ የሚሆነው ይህን ይመስላል። በዚህ ጊዜ ወሳኟ ቁጥር ጓ × የመነሻው ል ÷ ታ ናት። «ድ» እንበላት፣ ዶፏ። የሚታጠፈው ድርሻ የ(1+ድ) የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ለድ ሲካፈል ነው። ድ 100 ከሆነ 4.6 በመቶ ብቻ ይተርፋል። አሁን በብዛት የተዘጋጀ ሻፐሮን ጨምሪና በየትኛውም ቅጽበት ከ100 ክር አንዱ ብቻ ልቅ ይሁን። ድ በዚያው ልክ ወደ 1 ትወርዳለች። የሚታጠፈው 69 በመቶ ይሆናል። ከ4.6 ወደ 69! ያለ ምንም ጉልበት፣ በመያዝ ብቻ።

ዋጋው ጊዜ ነው። ልቅ የሆነው አንድ መቶኛው ብቻ ስለሆነ መታጠፉም ወደ መቶ እጥፍ ይዘገያል። ሻፐሮን እንደ ካታሊስት ያፋጥናል ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነው። እንደዚህ ያለው ሻፐሮን ግን የሚያድነው በማዘግየት ነው። ይህን ልዩነት በግራፍ ብታሳዪ ፈታኞችሽ ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ብሆን ይለኛል።

እንግዲህ ባጃጁ ማነው? በባክቴሪያ ውስጥ በጣም የታወቀው ግሮኢኤል ነው። ቅርጹን ለማሰብ ሁለት መሶብ ግርጌ ለግርጌ ግጠሚ። እያንዳንዱ መሶብ በሰባት ተመሳሳይ ቁራጭ የተሠራ ቀለበት ነው፤ በድምሩ 14። ክዳኑ ሌላ ፕሮቲን ነው፣ ግሮኢኤስ ይባላል፤ እሱም በሰባት ቁራጭ የተሠራ። ልቁ ክር መሶቡ አፍ ላይ ይጣበቃል። ሰባት ኤቲፒ (የሴሉ የጉልበት ሞለኪውል) ይገባል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ክሩ ውስጥ ብቻውን ይቀራል። የሚጠላለፈው ጎረቤት የለም። ከ10 ሰከንድ ገደማ በኋላ ክዳኑ ይነሳል። ክሩ ታጥፎ ከሆነ ይሄዳል። ካልታጠፈ እንደገና ይያዛል። መሶቡ ክብደቱ እስከ 60 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) የሚደርስ ፕሮቲን ይይዛል፤ ከዚያ በላይ አይከደንም።

የዚህ ማሽን ነገር በቁጥር የጠራው ሩቢስኮ በተባለው ፕሮቲን ላይ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር የሚይዘው ኤንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ጎሉቢኖፍና ሎሪመር ያሉበት ቡድን የተፈታ ሩቢስኮ በግሮኢኤል፣ በግሮኢኤስና በኤቲፒ ተመልሶ እንደሚታጠፍ በሙከራ ቱቦ አሳየ። በ1996 ደግሞ ቶድ፣ ሎሪመርና ቲሩማላይ ሒሳቡን አወጡለት። ሐሳባቸው ቀላል ነው። ክሩ በእያንዳንዱ ዙር በትክክል የመታጠፍ ትንሽ ዕድል አለው። ካልሆነለት ማሽኑ መልሶ ይፈታታውና እንደገና ይሞክራል። ለሩቢስኮ ዕድሉ ከ100 ሁለት ነው። በአንድ ዙር 2 በመቶ። በ35 ዙር ግን ግማሹ ይታጠፋል። በ100 ዙር 87 በመቶ። በ150 ዙር 95። አስልተሽ አረጋግጪው፦ 1 − 0.98 በዙሩ ብዛት ተነሥቶ።

አማካዩ 50 ዙር ነው። በዙር 7 ኤቲፒ ከሆነ 350 ኤቲፒ። ብዙ ይመስላል። ግን ያንን ክር ለመሥራት በየአሚኖ አሲዱ 4 ኤቲፒ የሚያህል ጉልበት ፈሷል። የባክቴሪያው ሩቢስኮ ክር 460 አሚኖ አሲድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከ1800 በላይ። የማሳጠፊያው ወጪ የመሥሪያውን ሩብ እንኳ አይሞላም። ሠርቶ ከመጣል አጥፎ መጠቀም ይረክሳል።

እዚህ ጋ አንድ ጠብ እንዳለ እወቂ። መሶቡ ክሩን ከጎረቤት ከመጠበቅ በላይ ምን ያደርጋል የሚለው ላይ ተመራማሪዎቹ አልተስማሙም። አንዱ ወገን የመሶቡ ግድግዳ ራሱ መታጠፉን ያፋጥናል ይላል። ሌላው ማግለል ብቻ ነው ይላል። ሦስተኛው ዋናው ነገር እየደጋገሙ መፍታቱ ነው ይላል። እኔ ወደ ሦስተኛው አደላለሁ፣ በተለይ እንደ ሩቢስኮ ላሉ አስቸጋሪዎች። አንቺ ግን ወገን መያዝ አያስፈልግሽም። በሞዴልሽ ሦስቱም የሚለያዩት በዙር የመታጠፍ ዕድሉ ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚጎድልሽ አንድ ቀስት ነው። ከተያዘው ፕሮቲን ወደ ታጠፈው የሚሄድ። እሱ ሲገባ የልቁ እኩልታ እንዲህ ይሆናል፦

የል ለውጥ በሰከንድ = ም − ታ×ል − ጓ×ል² − አ×ል ÷ (ግ + ል)

«አ» አቅም ነው፦ የማሽኑ ብዛት × በሰከንድ የሚዞረው ዙር × በዙር የመታጠፍ ዕድል። «ግ» ማሽኑ ግማሽ የሚሞላበት የልቅ ክምችት ነው። የኤንዛይም ትምህርት የወሰደ ሰው ማይክሊስ ሜንተን የምትባለውን የኤንዛይም ፍጥነት እኩልታ ያያታል። (ይህ የተያዘው ክፍል ከተረጋጋ በኋላ ያለው አጭሩ መልክ ነው። ሙሉውን ሁለት እኩልታ ይዘሽ ብትሠሪ ይሻላል።)

ኮድሽን የምትፈትሺበት ቁጥር ልስጥሽ። ታ = 1፣ ም = 1፣ ጓ = 20። ማሽን ከሌለ ል 0.2 ላይ ይረጋጋል፣ ከምርቱ 80 በመቶ ይጓጉላል። አሁን አ = 1.5 እና ግ = 0.05 አስገቢ። ል ወደ 0.065 ይወርዳል። የሚጓጉለው 8.5 በመቶ ብቻ ይሆናል። 91.5 በመቶው ተረፈ። ኮድሽ ይህን ካላወጣ ያኔ ስህተት ፈልጊ።

ቀጥለሽ ም ብቻ ወደ 2 ከፍ አድርጊ። ሌላው እንዳለ ይቆይ። ል 0.18 ይደርሳል። የሚጓጉለው 0.65 ገደማ ይሆናል፣ ከምርቱ 32 በመቶ። ልብ በይ፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጓሉ (የተጓጎለው ማለቴ ነው) ከሰባት ተኩል እጥፍ በላይ ጨመረ። ለምን? ም ከአ ስለበለጠ። ባጃጁ ሁሉ ሞልቶ መሄድ ጀመረ፤ የቀረው ሰው ከመንገዱ ላይ ነው። የሥራሽ ልብ መሆን ያለበት ግራፍ ይህ ይመስለኛል። አግድም ም፣ ቁም ጓል፣ መሀል ላይ አንድ ጉልበት የሚያክል እጥፋት። መጀመሪያ የመጠለያውን ሞዴል አስቀምጪና የባጃጁን ሞዴል ደግሞ ደርቢበት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ቁጥር ከየት? ቤተ ሙከራ ባይኖርሽም የታተሙ መለኪያዎች ሞልተዋል። ግን ከዚያ በፊት በጣትሽ የምትቆጥሪው ነገር አለ። የኢ ኮላይ ሴል መጠን አንድ ፌምቶሊትር ገደማ ነው። በዚህ መጠን አንድ ሞለኪውል ማለት በክምችት መለኪያ 1.7 ናኖሞላር ነው። ይህችን ቁጥር ግድግዳሽ ላይ ለጥፊያት። በሴል 1000 ማሽን አለ ሲባል 1.7 ማይክሮሞላር መሆኑን ወዲያው ታውቂያለሽ።

የማሽን ብዛት ምክንያታዊ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የባጃጅ ሒሳብ ይበቃል። በደቂቃ 6 ሰው ይመጣል፣ ባጃጅ 3 ሰው ይጭናል፣ ደርሶ መልስ 20 ደቂቃ ይፈጃል። በደቂቃ 2 ባጃጅ ይነሳል፤ 2 × 20 = 40 ባጃጅ ያስፈልጋል። ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን በአጠቃላይ መልኩ አረጋግጦታል፤ የወረፋ ሒሳብ የተማርሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ። አሁን ወደ ሴሉ። ወደ 3 ሚሊዮን ፕሮቲን አለው። በ40 ደቂቃ የሚከፈል ከሆነ በዚያ ጊዜ ሌላ 3 ሚሊዮን መሥራት አለበት። በሰከንድ 1250። ከአዲሶቹ አንድ አስረኛው ገደማ ግሮኢኤል ጋር ይሄዳል እንበል፤ በሰከንድ 125። እያንዳንዱ 10 ሰከንድ ይቀመጣል፤ በማንኛውም ቅጽበት 1250 የተያዘ መሶብ። አምስት ዙር የሚያስፈልገው ከሆነ 6250። እውነተኛው የግሮኢኤል ቁጥርም በሺህ ቤት ነው። ሁሉም ፕሮቲን እንደ ሩቢስኮ 50 ዙር ቢፈልግ ግን 62,500 መሶብ ያስፈልግ ነበር። ሴሉ ያን አይችልም። ስለዚህ አብዛኛው ፕሮቲን ቀላል፣ ጥቂቱ አስቸጋሪ መሆን አለበት። በቤተ ሙከራም የታየው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት 250 ገደማ የኢ ኮላይ ፕሮቲኖች ከግሮኢኤል ጋር ሲገናኙ፣ ያለ እሱ ጨርሶ የማይሆንላቸው ግን 85 ገደማ ብቻ ናቸው።

የመያዝ ፍጥነት በሞላር በሰከንድ ከ10 ሚሊዮን እስከ 100 ሚሊዮን ነው የሚሆነው። ሞለኪውሎች ውኃ ውስጥ ሲዋኙ ከሚጋጩበት ጣሪያ ብዙ አይርቅም። አስቸጋሪዋ ጓ ናት። ከፕሮቲን ፕሮቲን በብዙ እጥፍ ትለያያለች፣ ሙቀትም ይለውጣታል። ለእሷ አንድ ቁጥር አትምረጪ። ጥን ከ0.1 እስከ 100 አስሂጂያትና የምትደርሺበት ድምዳሜ የቱ ላይ እንደሚለወጥ አሳዪ። ቤተ ሙከራ የሌለው ሰው ትልቁ መሣሪያ ይህ ነው፤ ደግሞም አያሳፍርም።

እግረ መንገዴን እኔን ያቃጠለኝን ልንገርሽ። ተማሪ ሳለሁ የግሮኢኤልን ብዛት ከአንድ ሰንጠረዥ ወሰድኩ። ሞዴሌ ሴሉ በሻፐሮን የተንበሸበሸ አስመሰለው፤ ምንም ብጭንበት አይጓጉልም። ሁለት ወር ያህል ፊዚክሱን ስጠራጠር ከረምኩ። ለካ ሰንጠረዡ የሚቆጥረው ቁራጩን ነው እንጂ ማሽኑን አይደለም። አንድ ማሽን 14 ቁራጭ ነው። በ14 ማካፈል ነበር የጎደለኝ። እስካሁን «14» የሚል ቁጥር ሳይ ትንሽ ያመኛል። አንቺም የምትወስጂው ቁጥር የቁራጭ ይሁን የማሽን ቀድመሽ ጠይቂ።

ሌላው የኮምፒውተር ጣጣ ነው። መያዝ በሚሊሰከንድ፣ መታጠፍ በደቂቃ ስለሆነ እኩልታዎቹ ግትር ናቸው። ተራው ማስያ፣ ለምሳሌ የማትላቡ ኦዲኢ45፣ ይንቀራፈፋል ወይም ከዜሮ በታች የሆነ ክምችት ያወጣልሻል። ኦዲኢ15ኤስ ተጠቀሚ። በፓይተን ከሆነ ቢዲኤፍ የሚለውን ምረጪ።

ሦስተኛው ጥያቄሽ አጭር መልስ አለው። አይ፣ ሁሉንም አታስገቢ። ከራይቦዞሙ አፍ ላይ የሚጠብቀው ትሪገር ፋክተር አለ። ዲኤንኤኬና ረዳቶቹ አሉ። የተጓጎለውን እየመዘዘ የሚፈታው ሲኤልፒቢ አለ። ሁሉንም በአንድ ያስገባ ትልቅ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2012 በነፓወርስና ጊራሽ ተሠርቷል፤ ፎልድኢኮ ይባላል። በዚያ ላይ አንቺ በአንድ ዓመት የምትጨምሪው ብዙ አይታየኝም። 30 ቋሚ ቁጥር ያለው ሞዴል የፈለግሽውን ግራፍ ያወጣልሻል፤ ለምን እንዳወጣው ግን አይነግርሽም።

አንድ ነገር መጨመር ካማረሽ ግን ሲግማ 32ን ጨምሪ። ለሒሳብ ሰው ከሁሉም ጣፋጩ እሱ ነው። ሲግማ 32 ሻፐሮኖች እንዲመረቱ የሚያዝ ፕሮቲን ነው። ዲኤንኤኬ ሥራ ሲፈታ እሱን ይይዘዋል፣ ለሚቆራርጠው ኤንዛይም አሳልፎ ይሰጠዋል። ስለዚህ በደህና ጊዜ ሲግማ 32 ግማሽ ዕድሜው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ሴሉ ከ30 ወደ 42 ዲግሪ ሲሞቅ ግን ፕሮቲኖች ይፈታሉ። ዲኤንኤኬ እነሱን ለመያዝ ይሯሯጣል። ሲግማ 32ን የሚይዘው ይጠፋል። እሱም ይበዛና ሻፐሮን ይመረት ብሎ ያዛል። ሻፐሮኑ ሲበዛ ሥራው ይቃለላል፣ ዲኤንኤኬ ይፈታል፣ ሲግማ 32 ተመልሶ ይያዛል። ወረፋው ሲረዝም የባጃጅ ተራ አስከባሪው ስልክ ደውሎ መኪና ያስመጣል እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኤል-ሳማድ፣ ኻማሽና ባልደረቦቻቸው በምሕንድስና የቁጥጥር ሒሳብ ፈትሸውታል።

በአንቺ ሞዴል ይህ አንድ ተጨማሪ እኩልታ ብቻ ነው። አ ቋሚ መሆኗ ይቀርና ነፃ ማሽን ሲያንስ የምታድግ ትሆናለች። ያንን አድርጊና ም ከ1 ወደ 2 በድንገት አዝልዪው። ጓሉ መጀመሪያ ሽቅብ ይተኮሳል፣ ከዚያ አዲሱ ሻፐሮን ሲደርስ ይወርዳል። ያቺ በመሀል ያለችው ጊዜ ናት ከላይ ያጣጣልኩብሽ መጠለያ የሚያስፈልግባት፤ ባጃጁ ተደውሎለት ገና መንገድ ላይ ሳለ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሞዴልሽን አትጣዪው። ሁለቱንም ሻፐሮን አንድ ላይ አስገቢና መያዣውን ብቻ 10 እጥፍ፣ 100 እጥፍ እያደረግሽ ሽቅብ የተተኮሰው ጫፍ ምን ያህል እንደሚያጥር ለኪ። አሁን ቁጥሩ ፍንክች ይላል።